የወደቀ ይሳማል

እንጀራዬ ዱቄት ነው።
ካውናስ ከተማ፣ ከኔሙናስ ወንዝ ማዶ፣
ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ባልጋው ተጠቅልሎ፣
ጥቁር ዳቦ አቦካለሁ፣ ውጭ በረዶ ተቆልሎ።
ሲነጋ ከተማውን አጥግቤ፣
በዱቄት ነጥቶ ቅንድቤ፣
እገባለሁ።
ቤቴ ውስጥ ግን ዳቦ የለም፤
ከኅዳር ወዲህ።

አባቴ ያዝዘን ነበር፦ «ዳቦ ከእጃችሁ ቢወድቅ
ይነሣ፣ ይሳም፤ የጣለው ይቅርታ ይጠይቅ።»
የአገሬ ወግ ነው። ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ
ከአስፋልት ላይ ቁራሽ ሲስም አይቻለሁ፣ ተንበርክኮ።

ኡግኔ የወደቀች ዕለት፣ ከዥዋዥዌው ሥር፣
ዓይኗ ነጭ ብቻ ሆኖ፣ ጥርሷ ገጥሞ እንደ በር፣
ማንሣቱም መሳሙም ጠፋኝ።
የሚጥል በሽታ ይሉታል። ስሙን ድሮም አውቀው ነበር፤
ልጅ ሲጥል አባት አብሮ እንደሚወድቅ ግን ማን ነገረኝ?
ሦስት ዓይነት ሽሮፕ ጠጣች።
ከሚጥለው የሚያስጥል አልተገኘም።

ዶክተር ዳንጉዎሌ ወረቀት ሳበች፦
«ሦስት እጅ ስብ፣ አንድ እጅ ሌላው ሁሉ።
ስኳር የለም፣ ድንች የለም፣ ዱቄት የለም።
ሰውነቷ ስብ ያንድድ፤ ጭንቅላቷ በዚያ እሳት ይሙቅ።
ላይረዳም ይችላል» አለች። «ሥራህ ምንድን ነው?»
ነገርኳት።
ብዕሯን አስቀመጠች።

ሚዛን ገዛሁ። እኔ!
ግማሽ ኪሎ ሊጥ በመዳፌ ብቻ የምቆርጥ፣
እፍኜ የማይዋሽ ሰውዬ፣
በአሥራ ሰባት ግራም እንቁላል ፊት አላበኝ።
የአበባ ጎመን ፈጭቼ፣ በቅቤ አርሼ፣
«ድንች ነው» አልኳት።
ቀመሰች። «አባዬ፣ ድንች እንዲህ አይልም።»
ከዚያ ወዲያ አልዋሸሁም።

የመጀመሪያው ሳምንት ክፉ ነበር።
አስመለሳት፤ ወዘናዋ ጠፋ፤
ትንፋሿ የሰነበተ ፖም ሸተተ፤ ለክሬሙ ጀርባዋን ሰጠች።
እናቷ ጊንታሬ ሳህኑን በጎማ ማንኪያ ጠረገች፣
የቀረችውም ጠብታ ዘይት ከመድኃኒቱ ናትና፤
«ላሺው የኔ ዓለም፣ ላሺው…»
ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

የጥርስ ሳሙና እንኳ ተመረመረ።
አማቴ ለልደቷ የማር ኬክ ይዛ መጥታ
ደጅ ላይ ቀረች፤
መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን በላችው፣ በሹካ፣
መስኮቱ ላብ እስኪያወርድ።

እኔም የሥራ ልብሴን ምድር ቤት አወልቃለሁ፤
ፀጉሬን በቀዝቃዛ ውኃ አጥባለሁ።
አንድ ጠዋት ግን ቀደመችኝ፦
ተንጠልጥላ አንገቴ ሥር አፍንጫዋን ቀበረች፣
ዝም ብላ ሳበች፣ ደጋግማ ሳበች።
«አልበላህም» አለች።
«ማሽተት ስንት ግራም ነው?»

አሁን እጄ ሌላ ሙያ ለምዷል።
የአልሞንድ ዱቄት በእንቁላል ነጭ አሽቼ
አውራ ጣት የምታህል ዳቦ እጋግራለሁ።
አትነፋም፤
ከምድጃ ስትወጣም እንደ ዳቦ አታንሾካሹክም።
የምትቀባው ቅቤ ከእሷ ይወፍራል።
ኡግኔ ስም አወጣችላት፦ «ድንጋዬ»።

ማቀዝቀዣው በር ላይ ወረቀት አለ፤
ለወደቀችበት ቀን ሁሉ አንድ ጥቁር ነጥብ።
ኅዳር ጥቁር አዝሙድ እንደተነሰነሰበት ዳቦ ነበር።
ጥር፣ አምስት። መጋቢት፣ ሁለት።
ስለ ሚያዝያ አልናገርም፤ ገና አላለቀም።

ትናንት ድንጋዬ ከሳህኗ አምልጣ
ጠረጴዛው ሥር ተንከባለለች።
ኡግኔ ጎንበስ ብላ አነሣቻት፤ ሳመቻት፤
ቀና ብላ አየችኝ፦ «እሷም ዳቦ ናት፣ አይደል?»
መልሴን ሳትጠብቅ ሚዛኑ ላይ አኖረቻት።
ግማሽ ግራም ጎድሏል።
ቅቤው ከንፈሯ ላይ ነበር።
«ላሺው» አልኳት።